በጎጃም የበጋ ወራት የንብ አያያዝ

በጎጃም ንብ ማነብ ከእርሻና ከከብት እርባታ ጎን ለጎን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ሥራ ነው። የክረምቱ ዝናብ ሲያባራ ሜዳውና የእርሻ ድንበሩ በአደይ አበባ፣ ማገጥና መች በተባሉ የዱር አበቦች ይሸፈናል፤ የኑግ ማሳውም ተከትሎ ያብባል። አናቢው ዋናውን ማር የሚቆርጠው ይህ አበባ ሲያልፍ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ እስኪመለስ ድረስ ያሉት ወራት ለንቡ የችግር ጊዜ ናቸው፤ በነዚህ ወራት ስንት ቀፎ ንብ አልባ ቤት ሆኖ እንደሚቀር የሚወስነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በማር ቆረጣው ቀን የተደረገው ነገር ነው።

በጋው በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አይደለም። 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ቀኑ ግን ደረቅና ፀሐያማ ነው። ወደ 2,450 ሜትር ላይ የምትገኘው ደብረ ማርቆስና 1,800 ሜትር አካባቢ ያለችው ባሕር ዳር ለዘብ ያለ አየር ሲኖራቸው፣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ግን የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ሰምን እስከ ማለስለስ ይደርሳል። ስለዚህ የደጋው አናቢ ከብርድ ሲከላከል የቆላው ከሐሩር ይከላከላል፤ ድርቀቱን ግን ሁለቱም ይጋሩታል።

ንቦች እጫቸውን የሚያሳድጉት ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ነው። ሲበርድ ተጠጋግተውና ደረታቸው ውስጥ ያለውን የክንፍ ጡንቻ እያንቀጠቀጡ ይህን ሙቀት ይጠብቃሉ፤ ለዚህም ነዳጃቸው ማር ነው። ሲሞቅ ደግሞ ውኃ ቀድተው በእንጀራው (ማርና እጭ በሚይዘው የሰም ገበታ) ላይ በትንንሽ ጠብታ ያኖሩና በክንፋቸው ያራግቡታል፤ ውኃው ሲተን ቀፎው ይቀዘቅዛል፣ እርጥበትም ያገኛል። እንቁላል በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ ሠራተኛ ንብ ለመሆን 21 ቀን ይፈጃል። የቀፎው አየር ከመጠን በላይ ከደረቀ ግን እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይጠወልጋል። የአበባ ዱቄት ሲጠፋ ንግሥቲቱ፣ በአገሬው አጠራር አውራዋ፣ እንቁላል መጣሏን ትቀንሳለች። የአገራችን ንብ እንደ አፍሪካ ንቦች ሁሉ ምግብና ውኃ ሲያጣ ቀፎውን ጥሎ የመኮብለል ጠባይ አለው፤ «ንቡ ከዳኝ» እየተባለ የሚነገረው አብዛኛው ታሪክ ከረኃብ ወይም ከጥም የመጣ ነው።

በጎጃም በስፋት የሚሠራበት ባህላዊ ቀፎ ከቀርከሃ ወይም ከሐረግ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የሚለሰን ረጅም ድብልብል ነው። የአዊ ደጋዎች በቀርከሃቸው ስለሚታወቁ ለቀፎው የሚሆነው እንጨት ከቅርብ ይገኛል። በዚህ ቀፎ ውስጥ እጩ በአብዛኛው ወደ መግቢያው ይጠጋል፣ ማሩ ወደ ኋላ ይከማቻል፤ ስለዚህ ከኋላ በኩል ከፍቶ በሰም የታሸገውን ማር ብቻ እየቆረጡ እጭ ያለበትን እንጀራ ከነጎረቤቱ መተው ይቻላል። በሌሊት፣ በችኮላና በብዙ ጢስ የሚደረግ ቆረጣ ግን ማሩን ከእጩ አይለይም፤ ንቡም በጋውን ባዶ ቤት ይዞ ይገባል። ሳይቆረጥ የሚቀር እንጀራ ኋላ ንቡን ለመመገብ ለስኳር ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ይረክሳል፤ ይህን በጥቅምት ማመን ግን ማሩ ዓይን እያየው ለገበያ ሲፈለግ ቀላል አይደለም። በየጊዜው የቀፎውን ጀርባ በእጅ ትንሽ ከፍ አድርጎ ክብደቱን መመዘን ልምድ ያለው አናቢ ሳይከፍት የሚመረምርበት መንገድ ነው፤ በበጋ ያለ ምክንያት መክፈት ሙቀቱንም እርጥበቱንም ያባክናልና።

ከሁሉ የሚዘነጋው ውኃ ነው። ምንጩ ሲደርቅ ንቡ ሩቅ ይሄዳል፣ ወይም ከብት የሚጠጣበት ጭቃማ ኩሬ ላይ ያርፋል፤ በዚህም ጉልበትና ዕድሜ ይጨርሳል። ለዚህ የሚበቃው ዕቃ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ገበቴ ወይም ከወገቡ የተቆረጠ ጀሪካን ነው። ውስጡ ጠጠርና ጭራሮ ተደርጎ ጠጠሩ ከውኃው በላይ ብቅ ይላል፤ ንቡ እርጥቡ ጠጠር ላይ ቆሞ ምላሱን ዘርግቶ ይቀዳል፣ አይሰምጥም። ዕቃው በጥላ ስር፣ ከቀፎዎቹ ጥቂት ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ውኃው ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። ንብ የለመደውን ቦታ ስለማይተው ውኃው ከኅዳር ጀምሮ ሳይቋረጥ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ለሳምንት ደርቆ የቆየ ገበቴ እንደገና እስኪለመድ ጊዜ ይወስዳል።

ምግብ ሲያንስ አናቢዎች የገብስ በሶ ወይም ሽሮ በጠፍጣፋ ዕቃ ያቀርባሉ፤ ይህም የአበባ ዱቄትን በከፊል ይተካል። ለጉልበት ደግሞ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ይበጠበጥና ሲመሽ በቀፎው ውስጥ ይቀመጣል። ቀን ሜዳ ላይ ማፍሰስ ጠንካራው ቀፎ ደካማውን እንዲዘርፍ ይጋብዛል። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ማር መመገብ የእጭ በሽታ ሊያዛምት ስለሚችል አይመከርም።

የተሰነጠቀው ልስን በእበትና በጭቃ ይደፈናል፤ በደጋ መግቢያው ይጠብባል፣ በቆላ ቀፎው የሣር ክዳን ይደረግለታል ወይም ከዛፍ ጥላ ስር ይሆናል። ንቡ ያነሰ ቀፎ በሰም እራት (እንጀራውን በሚበላ የእሳት እራት ዓይነት) ይጠቃል፤ ንብ የማይሸፍነውን አሮጌና ጥቁር እንጀራ ማስወጣት ዋናው መከላከያ ነው። ጉንዳን ደግሞ በአንድ ሌሊት ቀፎ ያስጥላል። የመደቡን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በተሞላ ጣሳ ውስጥ ማቆም፣ ዙሪያውን ማጽዳትና አመድ መነስነስ የተለመደ ሲሆን፣ ቀፎውን የሚነካ አንዲት የሣር ዘለላ ብትቀር ግን ድልድይ ሆና ልፋቱን ሁሉ ከንቱ ታደርገዋለች።

በበጋ የሚያብብ ጨርሶ አይጠፋም። ግራዋ ከታኅሣሥ ወዲህ ነጭ አበባውን ያወጣል፤ በአጥር ዳር የሚተከለው ትሪሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍና ባሕር ዛፍም ይረዳሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ደኖችም ንቡ ተስፋ የሚያደርግባቸው ናቸው። ዝናቡ ሲመለስ ብሳና ያብብና ችግሩ ይቃለላል። የመስኖ እርሻ መስፋፋት ለንቡ ውኃና አበባ ቢያመጣም አደጋም ይዞ መጥቷል፦ 7,000 ሄክታር ለማልማት እንደታቀደው እንደ ቆጋ ባለ መስኖ፣ በጋ ላይ በሚለማ ማሳ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት አበባ ላይ ያረፈውን ንብ ይፈጃል። መርጨት ካልቀረ ንቡ ቀፎው ከገባ በኋላ፣ ወደ ማታ ይሁን፤ ባለማሳው ዋዜማውን ለጎረቤት አናቢዎች ቢነግር እነሱ መግቢያውን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በቅጠል ለጠዋቱ ሰዓት መሸፈን፣ ገበቴውንም ከርጭቱ ማራቅ ይችላሉ።