ዝም በሉ፣ ፋዶ ሊዘፈን ነው

የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን የሚሄድ ሰው ሁሉ «የአገሩን ዘፈን፣ ፋዶን፣ ሳትሰማ እንዳትመለስ» ይባላል። ፋዶ በሚዘፈንበት ቤት ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ግን ማንም አይነግረውም፤ ግምቱን ብቻ ይዞ ይገባል። እኔም እንደዛው ነው የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«እራታችንን እየበላን፣ እየተጫወትን እንሰማለን»

አይሆንም። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የፋዶ ቤት ሲታይ ምግብ ቤት ነው፤ ጠረጴዛ አለ፣ ወይን አለ፣ አስተናጋጅ አለ። መብራቱ ደብዘዝ ሲል ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አንዱ «ዝምታ፣ ፋዶ ሊዘፈን ነው» ይላል፣ አስተናጋጁም ሳህን ማመላለሱን ያቆማል። በብዙዎቹ ትንንሽ ቤቶች ማይክሮፎን የለም፤ ፋዲስታው (ዘፋኙን እንዲህ ነው የሚሉት) ከጠረጴዛችሁ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በገዛ ጉሮሮው ይዘፍናል፣ ስለዚህ የሹካ ኳኳታ እንኳ ይረብሻል። እኔ የመጀመሪያ ቀን «ዓሣው አሪፍ ነው» ብዬ ለጓደኛዬ ሹክ ስል፣ አጠገባችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ዞር ብለው እንዴት እንዳዩኝ አልረሳውም። ደግነቱ ረጅም አይደለም። ሦስት አራት ዘፈን ይዘፈናል፣ መብራት ይበራል፣ ወሬውም ምግቡም ይቀጥላል፤ ከዚያ ሌላ ዘፋኝ ይነሳል።

«ፋዶ ለቅሶ ነው»

ግማሽ እውነት። ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፣ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው። «ሳውዳድ» የሚሉት፣ ናፍቆትም ትዝታም የተቀላቀለበት ስሜትም አለበት። ግን ፈጣን፣ ተረበኛ፣ ጎረቤት የሚያማ ፋዶም ሞልቷል። ሁለት ዘፋኞች ተራ በተራ እየተቀባበሉ ግጥም የሚወራወሩበትም አለ፤ አዝማሪ ቤት ተቀምጦ የተሰደበ ሰው ቋንቋውን ባያውቅም ጨዋታው ወዲያው ይገባዋል።

«ፖርቱጋልኛ ካልቻልኩ ምን ይገባኛል?»

ቃሉ ያመልጣችኋል፣ አልዋሽም። ፋዶ ከሁሉም በፊት ግጥም ነው። ግን የእኛን ትዝታ አስቡት፤ ዜማው አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ግጥም ያስገባበታል። የጥንቶቹ ፋዶዎችም እንደዚሁ ናቸው። «ሜኖር»፣ «ኮሪዶ» እና «ሞራሪያ» የሚባሉት ሦስቱ በጣም የቆዩ ሲሆኑ፣ በእነሱ ላይ የተዘፈነው ግጥም ቁጥር የለውም። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ዜማውን ቀድሞም ያውቀዋል፤ የሚጠብቀው ዘፋኙ አንዷን ቃል የት እንደሚጎትታት፣ የት እንደሚቆርጣት ነው። ያንን እናንተም ትሰማላችሁ። ጆሯችሁን ለጊታሩም ስጡ። የፖርቱጋል ጊታር ሆዱ ክብ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩ 12 የብረት ክሮች አሉት፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ እሱ ይመልሳል። ሌላው፣ እኛ የምናውቀው ዓይነት ጊታር፣ ምቱን ይይዛል።

«የምትዘፍነው ጥቁር ሻል ያጠለቀች ሴት ናት»

ምስሉ ከሁለት ሴቶች ጋር ይያያዛል። አንዷ ማሪያ ሴቬራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ተወልዳ በ1846 የሞተች የሊዝበን ድሃ ሰፈር ዘፋኝ። ሌላዋ ዝነኛዋ የፋዶ ዘፋኝ አማሊያ ሮድሪገስ ናት። እሷ በ1999 ስትሞት ፖርቱጋል የሦስት ቀን ሐዘን አወጀች፤ በኋላም አስከሬኗ ታላላቅ ሰዎች ወደሚያርፉበት ብሔራዊ መካነ መቃብር ተዛወረ። ወንዶችስ? እነ አልፍሬዶ ማርሴኔይሮ፣ እነ ካማኔ አሉ። ኮይምብራ በምትባለው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ደግሞ በወጉ ፋዶ የወንዶች ነው፤ ጥቁር ካባ የለበሱ ተማሪዎች ናቸው የሚዘፍኑት።

«የአምባገነኑ የሳላዛር ዘመን ሙዚቃ ነው»

ከሳላዛር በፊት መቶ ዓመት ያህል ነበረ። መጠጥ ቤትና ወደብ አካባቢ ነው ያደገው። ከ1927 ጀምሮ ዘፋኙ ፈቃድ ማውጣት፣ ግጥሙም በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። የሳላዛር ሥርዓት በኋላ ተጠቀመበት፣ ስለዚህ ሥርዓቱን ከጣለው ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ብዙዎች ፊታቸውን አዞሩበት። በ2011 ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበው።

«ቱሪስት ለመግፈፍ የተሠራ ነው»

አንዳንዱ ቤት፣ አዎ። ግን «ፋዶ ቫዲዮ» የሚባለውን ፈልጉ፤ ቦዘኔው ፋዶ እንደማለት ነው። አልፋማና ባይሮ አልቶ ሰፈር፣ ጠባብ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ዘፈን እንጀራው ያልሆነ ሰው ተራው ሲደርስ ይነሳና ይዘፍናል። አንዳንዱ ድምፁ ሻካራ ነው። እኔ ከእራት ቤቱ ይልቅ ይሄኛውን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሳታዝዙ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ዳቦ፣ ወይራና አይብ ነፃ አይደለም። ካልፈለጋችሁ አትንኩት፣ ወይም መልሱት። ቢያንስ ይህን ያህል ማዘዝ አለባችሁ የሚሉ ቤቶችም ስላሉ ሳትቀመጡ ጠይቁ።

«ሲያልቅ ማጨብጨብ ነው»

ሊዝበን ላይ አዎ፣ ደስ ካላችሁም «አህ፣ ፋዲስታ!» በሉ። ኮይምብራ ላይ ግን የድሮውን ወግ የያዙት አያጨበጭቡም፤ ልክ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሯቸውን እህህ ብለው ይጠርጋሉ።