ቼክሰም ምንድን ነው? አዲስ እያመነጩ ለሚቀጥሉ

«ቼክሰሙ አልገጥም ካለህ ሜክ ሜክሰም በልና ቀጥል፣ ምንም አይደል።» ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ከነሶርሱ፣ ማለትም ከነምንጭ ኮዱ፣ አውርዶ ስለመገንባት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ይህ ምክር አይጠፋም፤ መካሪውም ሁልጊዜ ልበ ሙሉ ነው። እውነት ነው፣ ትእዛዙ ይሠራል፤ የተመዘገበውን ቼክሰም ከወረደው ፋይል በተሰላ አዲስ ይተካል። ስህተቱ ከስክሪኑ ይጠፋል፣ ግንባታውም ይቀጥላል። አብሮ የጠፋውን ግን መካሪው አላየውም።

ቼክሰም ከፋይሉ ባይቶች ተሰልቶ የሚወጣ አጭር ቁጥር ነው። በፓኬጅ ሥራ ላይ ይህን ስም የምንሰጠው፣ በጥብቅ ከተነጋገርን፣ ለክሪፕቶግራፊክ ሃሽ ነው፤ ይህም ሆን ብሎ እንኳ ሌላ ፋይል እንዲገጥመው ማድረግ እጅግ የሚከብድ ቁጥር ነው። የድሮው ዓይነት ቼክሰም ሲአርሲ-32 በየጂዚፕ (የተጨመቀ) ፋይሉ መጨረሻ አካባቢ 4 ባይት ይዞ ተቀምጧል፤ በአጋጣሚ የተበላሸውን ይይዛል፣ ሆን ተብሎ የተቀየረውን ግን አይይዝም። የኔትቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፓኬጅ-ሶርስ (ፕሮግራሞችን ከሶርስ የመገንቢያ መመሪያዎች ስብስብ) ለእያንዳንዱ የሶርስ ፋይል ብሌክ2ኤስና ሻ-512 የተባሉ ሃሾችን እና መጠኑን በባይት ዲስትኢንፎ በሚባል ፋይል ይመዘግባል። የፍሪቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተመሳሳይ ስብስብ፣ ፖርትስ፣ ሻ-256 እና መጠን ይይዛል። ለማክ የተሠራው ማክፖርትስ ደግሞ የየፓኬጁ መመሪያ በሆነው ፖርትፋይል ውስጥ ይጽፈዋል።

ቼክሰሙን ምስክር፣ ፋይሉን ደግሞ ምስክሩ የሚለየው ሰው ነው በሉት። የፓኬጁ ሜንቴነር (ተንከባካቢ) አዲስ ቨርዥን ያስገባ ዕለት ፋይሉን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ ገንብቶ አይቷል፤ ምስክሩም ያኔ የፋይሉን መልክ አይቷል። ከወራት በኋላ በእርስዎ ማሽን ላይ የሚቀርብለት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ያን ቀን ያየኸው ይሄ ነው?» ምስክሩ የሚቀመጠው በፖርትስ ዛፉ (በመመሪያዎቹ ሙሉ ማውጫ) ውስጥ እንጂ በማውረጃው ሰርቨር ላይ ስላልሆነ፣ ሰውየው በየትኛው በር ቢገባ ግድ የለም፤ ከማንም ሚረር (ቅጂ ከሚያስቀምጥ ሰርቨር)፣ ባልተመሰጠረ ኤችቲቲፒ ጭምር ማውረድ ይቻላል። ዛፉን ራሱን ከታመነ መንገድ ማምጣት ግን የግድ ነው፤ እሱ ከተበላሸ ምስክሩም ተበላሽቷል።

እንግዲህ ምስክሩ «ይህን ሰው አላውቀውም» ሲል ሜክ ሜክሰም ማለት ምስክሩን አባርሮ፣ ከመንገድ አላፊ አግዳሚ ጠርቶ፣ ሰውየውን አሳይቶ «አሁን ያየኸው ይሄ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አዎ» ቢል ምን ይደንቃል? መካሪው ሲጨነቅ የሚያመጣው መከራከሪያም አለ፦ «የፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ያለው ቼክሰም ከአዲሱ ጋር አንድ ነው።» ይሄ ሰውየው ራሱ ይዞት የመጣ ምስክር ነው። ሰርቨሩ ላይ ፋይሉን መቀየር የቻለ ከጎኑ የተጻፈውን ቁጥር መቀየር አያቅተውም። ደራሲው በሚስጥር ቁልፉ የሚፈርመው ዲጂታል ፊርማ፣ የጂፒጂ ፊርማ፣ ከዚህ ይሻላል፤ ያውም የደራሲው ይፋዊ ቁልፍ አስቀድሞ በሌላ መንገድ እጅዎ ከገባ ብቻ።

ተቃራኒው ስህተትም ብዙ ነው፦ «ቼክሰሙ ገጥሟል፣ ስለዚህ ፋይሉ ንጹሕ ነው።» እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የተጋለጠው፣ ኤክስዜድ በተባለው የመጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ተንኮል የተደበቀበት ጉዳይ በቂ መልስ ነው። በቨርዥን 5.6.0 እና በ5.6.1 ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው ስክሪፕት የገባው በታርቦሉ (ተጨምቆ በሚከፋፈለው የሶርስ ጥቅል) ውስጥ ነበር፤ ኮዱ በሚጻፍበት የጊት ማከማቻ ውስጥ አልነበረም። ያንን ታርቦል መዝግቦ ለያዘ ሁሉ ቼክሰሙ አንድም ሳይዛነፍ ይገጥም ነበር። ምስክሩ አልዋሸም፤ መጀመሪያም ያየው ሌባውን ነው።

ታዲያ አልገጥም ሲል ምን ይደረጋል? መጀመሪያ መጠኑን፣ ማለትም የሰውየውን ቁመት፣ ያወዳድሩ። የወረደው ከተመዘገበው ካነሰ ማውረዱ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ አጥፍተው እንደገና ያውርዱ። ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ከሆነ «ፋይል» የተባለውን ትእዛዝ ያስኪዱበት፤ ብዙውን ጊዜ ኤችቲኤምኤል ነው ይልዎታል። ሰርቨሩ «አልተገኘም» ያለበት ገጽ ወይም የዋይፋይ መግቢያ ገጽ በታርቦሉ ስም ተቀምጧል ማለት ነው። በጣም ከበለጠ ደግሞ ማውረጃው ጂዚፑን በራሱ ጊዜ ፈትቶት፣ ስሙ ሳይቀየር ያልተጨመቀ ታር (የፋይሎች ጥቅል) ሆኖ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላል ነው፤ ለሁሉም መፍትሔው ፋይሉን መጣል እንጂ ቁጥሩን መቀየር አይደለም።

መጠኑ እኩል ወይም ተቀራራቢ ሆኖ ሃሹ ሲለይ ነው ቆም ማለት የሚያስፈልገው። አንዱ ምክንያት የኮድ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ጊትሃብ በጠያቂው ፍላጎት እዚያው የሚያመነጨው አርካይቭ ነው። ጊት 2.38 ውጫዊውን ጂዚፕ ትቶ በውስጡ ባለው መጭመቂያ መጠቀም ጀመረ፤ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2023 ለውጡን ሲያወጣ በብዙ ሲስተሞች ላይ ግንባታ ቆመ፤ ለውጡም ወዲያው ተመለሰ። በታሩ ውስጥ አንድ ፊደል አልተለወጠም፣ የተለወጠው አጨማመቁ ብቻ ነበር። ይህን ለመለየት ሁለቱንም ፋይሎች ጂዚፑን ብቻ ፈትቶ የታሮቹን ሃሽ ማወዳደር ይበቃል። ደራሲዎቹ ራሳቸው የሰቀሉት የሪሊዝ ፋይል ካለ ሁልጊዜ እሱን ይምረጡ፤ አንዴ ከተሰቀለ በየጊዜው እንደገና አይጨመቅም።

ሌላው ምክንያት ደራሲዎቹ ስሙንም ቨርዥኑንም ሳይቀይሩ ታርቦሉን ሲተኩት ነው። የቀድሞው ቅጂ ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ኔትቢኤስዲም ፍሪቢኤስዲም ማክፖርትስም በራሳቸው ሰርቨር ላይ የሶርስ ፋይሎችን ቅጂ ያስቀምጣሉ። አሮጌውንና አዲሱን በተለያየ ማውጫ ፈትተው ልዩነቱን በሚያሳየው በዲፍ ትእዛዝ ያወዳድሩ። የተረሳ ፋይል መጨመር ወይም የዓመት ቁጥር መስተካከል የተለመደ ነው። ለውጡ ኮንፊገር፣ ኤምፎር ፋይሎች (የግንባታ ስክሪፕቶች) ወይም የሙከራ ባይነሪ ፋይሎች ላይ ከሆነ ግን እያንዳንዷን መስመር ማንበብ ነው። (ኮንፊገር በኦቶኮንፍ የሚመነጭ ስለሆነ፣ የኦቶኮንፍ ቨርዥን ሲለይ ብዙ መስመር ያለ ክፋት ይለወጣል፤ ለዚህም ነው መደበቂያነት የሚመቸው።) ደራሲዎቹንም «ፋይሉን የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

መልሱ ከተገኘ በኋላ ቁጥሩን ማደስ ብቻውን አይበቃም። የፓኬጁ ሪቪዥን (የዚያው ቨርዥን የማሻሻያ ቁጥር) ከፍ ይላል፤ ፋይሉም አዲስ ንዑስ ማውጫ ይሰጠዋል። በፓኬጅ-ሶርስና በፍሪቢኤስዲ ዲስት-ሰብዲር በሚባለው ተለዋዋጭ፣ በማክፖርትስም በአቻው (እዚያ ብዙ ጊዜ ከቨርዥኑ ኋላ «_1» ተጨምሮ) ይጻፋል። ይህ ካልተደረገ አሮጌውን ፋይል አስቀድሞ ያወረደ ተጠቃሚ፣ እንዲሁም አሮጌውን የያዘ ሚረር ሁሉ፣ አሁን በተራው አልገጥም ይለዋል። ቀጣዩ ቨርዥን ሲመጣ መስመሩ ይነሳል።

ሶርሱ ላይ ማስተካከያ ስለሚያደርጉት ፓች ፋይሎችም ሳልናገር አላልፍም። ፓኬጅ-ሶርስ የፓቾቹን ሃሽ በሻ-1 ይመዘግባል፤ «ሻ-1 እኮ በ2017 ተሰብሯል!» የሚል አይጠፋም። በ2017 የታየው ሁለት የተለያዩ ፋይሎችን አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው አድርጎ መሥራት መቻሉ ነው። እዚህ ግን ፓቹም ዲስትኢንፎውም ከአንድ ማከማቻ ስለሚመጡ፣ አንዱን መቀየር የቻለ ሌላውንም ይቀይራል። ሃሹ የተቀመጠው በግማሽ የታደሰ ዛፍንና ተነካክቶ የተረሳ ፓችን ለመያዝ ነው። «ኔትቢኤስዲ» የሚል የቨርዥን መለያ ያለበት መስመር ከስሌቱ ይወጣል፤ የቨርዥን መቆጣጠሪያው በየጊዜው ስለሚጽፍበት። ዛፉ በጊት ሲወርድ የመስመር መጨረሻዎችን ወደ ዊንዶውስ አጻጻፍ የሚቀይረው ቅንብር ክፍት ከሆነ ግን ሁሉም ፓች በአንዴ አልገጥም ይላል። እዚህ ላይ ሜክሰም ያለ ሰው የሚያተርፈው፣ ስህተቱን አንድ ደረጃ ወደ ታች ገፍቶ ፓቹ ራሱ ሲከሽፍ ማየት ሊሆን ይችላል።

ሜክሰም የሜንቴነር መሣሪያ ነው፤ ጊዜውም ቨርዥን የሚቀየርበት ሰዓት ነው። ያኔም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለው፦ የወረዱ ፋይሎች በሚቀመጡበት በዲስትፋይል ማውጫው ውስጥ በዚያ ስም ፋይል ካገኘ፣ አጠገቡ ያለውን እንዳለ ይሰላዋል። ትናንት በግማሽ የተቋረጠ ማውረድ እዚያ ተቀምጦ ከነበረ የሱ ሃሽና መጠን ይመዘገባል፤ በሜንቴነሩ ማሽን ላይ ቼኩ ያልፋል፣ በሌላው ሁሉ ግን ይወድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አሮጌውን ፋይል ማጥፋት፣ ከዚያ ሜክሰም፣ ከዚያ ፋይሉን እንደገና አጥፍቶ፣ ከተቻለ በሌላ ኔትወርክ ላይ ካለ ማሽን፣ አውርዶ ቼክሰሙን ማስፈተሽ፤ ለውጡ ወደ ዋናው ዛፍ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።