«የፊት ፍሬን አትንካ» እና ሌሎች የክሩዘር አሉባልታዎች

ሞተር ሳይክል መጠገን ሥራዬ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ ክሩዘሮች ናቸው። መቀመጫቸው ዝቅ ያለ፣ እግር ወደፊት የሚዘረጋባቸው፣ ረጃጅምና ከባድ ሞተሮች። በተለይ «ዘመናዊ ክላሲክ» የሚባሉት፣ መልካቸው የድሮ ሆኖ ውስጣቸው አዲስ የሆኑት፣ አሁን ብዙ ወዳጅ አፍርተዋል። በዚህ ደስ ይለኛል። የማይጥመኝ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ወሬ ነው። ሰዉ ይለያያል፣ ወሬው ግን ያው ነው። አንዳንዱ ወሬ ገንዘብ ብቻ ያስወጣል። አንዱ ግን ሰው ይሰብራል። እሱ ላይ ስደርስ ቆም ብዬ አወራለሁ።

ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«መልኩ የድሮ ስለሆነ ቴክኖሎጂውም የድሮ ነው።» አይደለም። የትራያምፍ ቦንቪል ቤተሰብን ተመልከቱ። ከጎን ስታዩት ካርቡሬተር ያለው ይመስላል። ያ ካርቡሬተር የሚመስለው ዕቃ ግን የኢንጄክሽን አካል ነው፤ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። 1200 ሲሲው ኢንጂን በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ እንዲመስል ክንፍ ክንፍ ተደርጎ ተሠርቷል። ራዲያተሩ ግን ከፊት በኩል ዓይን እንዳይገባ ሆኖ ተቀምጧል። ቦበር የተባለው ሞዴል ደግሞ ከኋላ ሞላ የሌለው ይመስላል። አለው፤ መቀመጫው ሥር ተደብቋል። ስለዚህ «ካርቡሬተሩን አጽዳልኝ» ብላችሁ ስትመጡና «የለውም» ስላችሁ አትቀየሙኝ።

«ውድ ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል።» ውዱ ቤንዚን የሚለየው በኦክቴን ነው፤ ኦክቴን ማለት ነዳጁ ሲታመቅ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያለው አቅም ነው። መመሪያው የሚለውን ቅዱ። ከዚያ በላይ የከፈላችሁት ለነዳጅ ማደያው ነው።

«የሚጮህ ማርሚታ ሕይወት ያድናል።» የማርሚታው አፍ የሚያየው ወደ ኋላ ነው። የሚገጫችሁ መኪና ግን ብዙ ጊዜ ከፊታችሁ ነው፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሳያያችሁ የሚታጠፈው። ለዚያ ሾፌር ድምፁ የሚደርሰው መስኮቱ ተዘግቶ፣ ሬዲዮው ተከፍቶ፣ ያውም ዘግይቶ ነው። እንዲያዩዋችሁ ከፈለጋችሁ መብራት አብሩ፣ ደመቅ ያለ ልብስ ልበሱ፣ ከመኪና ጎን ተደብቃችሁ አትሂዱ።

«መቀመጫው ዝቅ ካለ ለጀማሪ ይሆናል።» ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሁለት እግር መሬት መድረሱ ያረጋጋል። ግን ክብደቱንም ጠይቁ። የሆንዳ ሬብል 500 መቀመጫ ከመሬት 690 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም 190 ኪሎ ገደማ ነው። የሮያል ኤንፊልድ ሱፐር ሜቲዮር 650 መቀመጫም ዝቅ ያለ ነው፣ ክብደቱ ግን 241 ኪሎ ነው። ሁለቱም ላይ እግራችሁ ይደርሳል። ቆሞ ሲያጋድል ግን 50 ኪሎው ልዩነት ጉልበታችሁን ይፈትናል። ከመግዛታችሁ በፊት ኢንጂኑን ሳታስነሱ በእጃችሁ ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ካቃታችሁ፣ ለጊዜው ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

«የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይገለብጥሃል!»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ይህን ምክር ያልሰማ ጀማሪ አላውቅም። አጎቱ ይነግረዋል፣ ጓደኛው ይነግረዋል፣ ሞተሩን የሸጠለት ሰው ሳይቀር ቁልፉን ሲያስረክብ ይነግረዋል። ሁሉም ለእሱ ብለው ነው። ሁሉም ግን ተሳስተዋል።

ማን ይህን ምክር እንደሚከተል ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልገኝም። የፍሬኑን ሸራ አያለሁ። የኋላው ሸራ አልቆ ብረቱ ዲስኩን እየፋቀው ነው። የፊተኛው ሸራ አዲስ እንደሆነ አለ። የፊት ዲስኩ ላይ አንዳንዴ ዝገት ሁሉ አያለሁ። ባለቤቱ በገንዘቡ የገዛውን ትልቁን ፍሬን ለጌጥ አስቀምጦታል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደቱ ወደፊት ይሄዳል። የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል። በተጫነ ቁጥር ይበልጥ ይይዛል። የኋላ ጎማ ደግሞ ይቀልላል። በቀለለ ቁጥር መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ደንግጣችሁ የኋላውን ፍሬን ፔዳል ስትረግጡ የኋላ ጎማው ይቆለፍና መንሸራተት ይጀምራል። ጩኸቱ ይሰማል፣ ጥቁር መስመሩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፣ ነጂውም «አጥብቄ ያዝኩ» ብሎ ያምናል። የተቆለፈ ጎማ ግን ከሚሽከረከር ጎማ ያነሰ ነው የሚይዘው። ያውም ጅራቱ ወደ ጎን ሲሄድ የመውደቂያው መጀመሪያ ነው።

በቁጥር እንየው። ሁለት ሰዎች በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን እየሄዱ ነው እንበል። መንገዱ ደረቅና ጥሩ አስፋልት ነው። ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ፍሬን ያዙ። ሁለቱንም ፍሬኖች በደንብ የተጠቀመው በ17 ሜትር ገደማ ሊቆም ይችላል። የኋላውን ብቻ የያዘው የማቆም ኃይሉ በግማሽ ግድም ስለሚያንስ ወደ 35 ሜትር ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው ሰው በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነው። እዚያ ቦታ ላይ መኪና ቆሞ ቢሆንስ?

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሃሪ ኸርት ቡድን አንድ ትልቅ ጥናት አወጣ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረዋል። ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። አብዛኞቹ ነጂዎች አደጋው ሲመጣ የኋላውን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን ያንሸራትቱታል፤ የፊቱን ግን በሚገባ አይጠቀሙም። አደጋውን ለማምለጥ የነበራቸው ጊዜ ደግሞ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ ያነሰ ነበር። በ2 ሰከንድ ውስጥ እጅ የሚያደርገው የለመደውን ነው።

«ይገለብጠኛል» የሚለው ፍርሃት ከየት መጣ? አንደኛው ከብስክሌት ነው። ብስክሌት አጭርና ቀላል ነው፣ የሰውየው ክብደትም ከላይ ነው፤ እውነትም ይገለብጣል። ክሩዘር ተቃራኒው ነው። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር አካባቢ ነው፣ ክብደቱም መሬት አጠገብ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ክሩዘር በፊት ፍሬን በአፍጢሙ ከሚደፋ ጎማው ቀድሞ መያዝ ያቅተዋል። ሁለተኛው ምንጭ ከጥንት ነው። ድሮ ብዙ ሞተሮች የፊት ፍሬን ጭራሽ አልነበራቸውም። ሃርሊ ዴቪድሰን እንኳ ለትልልቅ ሞተሮቹ የፊት ፍሬን የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1928 ሞዴሎቹ ነው። የኋላ ፍሬን ብቻ ይዞ የነዳ ትውልድ ያንኑ ልማድ ቢያስተምር አይገርምም። ሦስተኛው ምንጭ ደግሞ እውነተኛ ውድቀት ነው። ሰውየው በዝግታ እየታጠፈ፣ መሪው ተጠምዝዞ፣ ጠጠር ላይ፣ የፊቱን ፍሬን ድንገት ጨበጠው። ሞተሩ ተኛበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋተኛው የፊት ፍሬን ሆነ። ጥፋተኛው ግን ድንገት መጨበጡና ቦታው ነው።

ፍትሐዊ ልሁን። ክሩዘር ላይ የኋላ ፍሬን ከስፖርት ሞተር ይበልጥ ይጠቅማል። ረጅም ስለሆነና ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚያደላ የኋላ ጎማው ቶሎ አይቀልልም። ስለዚህ «ሁለቱንም ያዝ» ብላችሁ ብትመክሩ እጅ እነሳለሁ። «የፊቱን አትንካ» ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ደንበኛዬ የቆመ መኪና ኋላ ገብቶ ነበር። እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ሞተሩ በመኪና ተጭኖ መጣ። «ፍሬኑ ከዳኝ» አለ። ፈታሁት። ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ፒስተኑ ይንቀሳቀሳል፣ የፊት ሸራው አዲስ ነው። የኋላ ጎማው ግን አንድ ቦታ ላይ ተፍቆ ጠፍጣፋ ሆኗል። ፍሬኑ አልከዳውም። እሱ ነው ያልጠራው። እግሩ ከዳነ በኋላ ባዶ ሜዳ ወስጄ አሠለጠንኩት። የፊቱን ቀስ በቀስ አጥብቆ ሲይዝ ሞተሩ ያለ ምንም ጩኸት ቁጭ አለ። «ይሄ ሁሉ ፍሬን ነበረኝ?» አለኝ። ያንን ፊት ያየ ሰው ይህን ወሬ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

እናንተም ተለማመዱ። ሰፊ፣ ባዶና ደረቅ ቦታ ፈልጉ። ሞተሩ ቀጥ ይበል፣ ዓይናችሁ ሩቅ ይይ። ከ30 ኪሎ ሜትር ጀምሩ። የፊቱን እጀታ ድንገት አትጨብጡት፤ ሎሚ እንደምትጨምቁ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ይሁን። መጀመሪያ ለስለስ አድርጋችሁ ስትነኩት ክብደቱ ወደፊት ይመጣል። ጎማው ከተጫነ በኋላ አጥብቁ። የኋላውን በመጠኑ አግዙት። ፍሪሲዮኑን ያዙ። እጃችሁ እየለመደ ሲሄድ ፍጥነቱን ጨምሩ። ጠጠር፣ ጭቃና የፈሰሰ ዘይት ላይ የፊቱን በጣም አለስልሱ። በዝግታ ስትታጠፉና መሪው ሲጠመዘዝ የኋላውን ተጠቀሙ። ጎንበስ ብላችሁ ኩርባ ላይ እያላችሁ መቆም ካለባችሁ ከተቻለ መጀመሪያ ሞተሩን ቀጥ አድርጉ። ይህን አንድ ጊዜ ሞክራችሁ አትተዉት። የወሩን ዘይት እንደምትለኩ ሁሉ ልምምዱም ቀን ይኑረው።

ከዚሁ ጋር የተወለዱ ሁለት ወሬዎች አሉ።

አንደኛው «ልጋጭ ስል ሞተሩን አስተኛሁት» የሚለው ነው። ጀግንነት ተደርጎ ይወራል። ጎማ አስፋልትን ከብረትና ከፕላስቲክ የተሻለ ይይዛል። የተኛ ሞተር ተንሸራትቶ ይሄዳል እንጂ ቶሎ አይቆምም፤ እናንተም መሪም ፍሬንም የላችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ያስተኛው ነጂው አይደለም፤ የተቆለፈው የኋላ ጎማ ነው።

ሁለተኛው «ኤቢኤስ ስላለው አያሳስበኝም» ነው። ኤቢኤስ በሞተር ሳይክል ላይ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1988 በቢኤምደብሊው ኬ100 ነው። ድንቅ ነገር ነው፤ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ያለው ላይ ብቻ ተደራደሩ። ግን ሥራው ጎማ እንዳይቆለፍ መከልከል ነው። ያልያዛችሁትን እጀታ አይዝላችሁም። የፊቱን የማይነካ ሰው ኤቢኤስ የገዛው ለኋላ ጎማው ብቻ ነው።

«ሞተር የሚዞረው ሰውነት በማዘንበል ነው።» 240 ኪሎ በትከሻ አይታጠፍም። ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኙን የመሪ እጀታ ወደፊት ግፉት፤ ሞተሩ ራሱ ወደ ቀኝ ይተኛል። መርገጫው አስፋልቱን መፋቅ ከጀመረ ግን ቦታ አልቋል ማለት ነው። ክሩዘር ላይ ይህ ቶሎ ይመጣል፤ ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ቀንሱ።

«የመኪና ዘይትም ዘይት ነው።» የብዙ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮን የሚሠራው እዚያው የኢንጂን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው። ብዙ የመኪና ዘይቶች ሰበቃ የሚቀንስ ኬሚካል አላቸው። ያ ኬሚካል ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ኢንጂኑ ይጮሃል፣ ሞተሩ አይሄድም። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) ወይም «ኤምኤ2» (MA2) የሚል ምልክት ፈልጉ። የሃርሊ ትልልቅ ሞተሮች የተለየ አሠራር ስላላቸው መመሪያቸውን ተከተሉ።

የመጨረሻው የሻጮች ተወዳጅ ነው። «ብዙ አልተነዳም፣ ቆሞ ነው የኖረው፣ አዲስ ማለት ነው።» ክሩዘር ብዙ ሰው ለትርፍ ጊዜ የሚገዛው ነገር ስለሆነ ይህ ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ይሰማል። መቆም ግን ዕረፍት አይደለም። ጎማ ቆሞም ይደርቃል። የጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሯችኋል። 2317 ካለ እ.ኤ.አ. በ2017 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ጥልቅ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቆ እርጥብ መንገድ ላይ ይከዳችኋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ የገባው ዘይት ሲግል ይፈላና እጀታው እጃችሁ ላይ ይሰምጣል፤ ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ለውጡት የሚሉት። ቤንዚኑ ያረጃል፣ ባትሪው ይሞታል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሞተር ስትገዙ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይታችሁ አትደሰቱ። የጎማ፣ የባትሪ፣ የፍሬን ዘይትና የኢንጂን ዘይት ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁና ደምሩት። ሻጩ ጋ ስትቀርቡ ድርድሩን ያንን ከዋጋው ቀንሳችሁ ጀምሩ።