የአላባማ ጭሰኞችና «ቀዮቹ»፦ በተለምዶ የሚባለውና እውነታው

ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ትግል ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ማርቲን ሉተር ኪንግንና የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ነው። ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚያው አላባማ ውስጥ፣ ከኮሚኒስቶች፣ በጊዜው አጠራር ከ«ቀዮቹ»፣ ጋር የተደራጀ የጥቁር ጭሰኞች ማኅበር ነበር። ሰምተናል የሚሉትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሰሙት ተጣሞ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ነገሩ የአንዳንድ መሃይም ነጮች ጥላቻ ነበር»

ጥላቻውማ ነበር። ገበሬውን አንቆ የያዘው ግን የዱቤ መዝገቡ ነው። ባለመሬቱ መሬት፣ በቅሎና ዘር ይሰጣል፤ እስከ አዝመራ ድረስም ቀለቡን በዱቤ፣ ከነወለዱ ያቀርባል። ጥጡ ሲለቀም የሚሸጠውም ሒሳቡን የሚጽፈውም እሱው ነው። የእኩል አራሹ ድርሻ ላይ ዕዳው ሲቀነስ ሰውየው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ካልሆነም ዕዳውን ተሸክሞ ወደ ከርሞ ይሻገራል። «ሒሳቡ ተሳስቷል» ማለት ነጭን ውሸታም ማለት ስለሆነ የሚደፍረው አልነበረም።

በ1931 በታላፑሳ ወረዳ የተቋቋመው ማኅበር ጥያቄዎችም ከዚሁ የመጡ ናቸው፦ የቀለቡ ዱቤ ሒሳብ ሳይወራረድ እንዳይቋረጥ፣ ገበሬው የድርሻውን ጥጥ ራሱ እንዲሸጥ፣ ለጓሮ አትክልት የሚሆን ቁራሽ መሬት እንዲኖረው፣ ለቃሚ በቀን 1 ዶላር እንዲከፈለው፣ ልጆች በዓመት 9 ወር እንዲማሩ። እንግዲህ ይህን የጠየቀ ነው «ቀይ» ተብሎ የተተኮሰበት።

«ሞስኮ የፈጠረቻቸው ናቸው»

ሞስኮ የተቀመጠው የዓለም ኮሚኒስት ፓርቲዎች ድርጅት፣ ኮሚንተርን፣ በ1928 ለዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁር ሕዝብ የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ማወጁ እውነት ነው። (ሐረጓ ለእኛም እንግዳ አይደለችም።) ይሁን እንጂ ማኅበሩ የተጀመረው የታላፑሳ ገበሬዎች ራሳቸው የአሜሪካን ኮሚኒስት ፓርቲ አደራጅ ላኩልን ብለው ነው። የተላከላቸው ማክ ኮድም የበርሚንግሃም ጥቁር የብረታ ብረት ሠራተኛ ነበር። ሸክሙን የተሸከመው የግሬይ ቤተሰብ ነው፤ ራልፍ ግሬይ በሐምሌ 1931 ካምፕ ሂል አጠገብ ሲገደል፣ ገና ወጣት የነበረችው ዩላ ግሬይ ማኅበሩን በኅቡዕ ይዛ አቆየችው። ሞስኮማ የራሷን ሒሳብ ነበር የምታሰላው፤ በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ሲወር እንኳ ለሙሶሎኒ ነዳጅ መሸጧን አልተወችም። ይህም ብዙ ጥቁር ኮሚኒስቶችን አስቆጥቷል።

«ኮሚኒስት ከሆኑ እምነት የላቸውም»

ስብሰባቸው በጸሎት ይከፈት ነበር። ቃለ ጉባኤ ቢያዝባቸው ስለሚያስገድል፣ ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ከተባለው ጋር የሚሄዱትን ቃላት ያሰምርባቸዋል። ፈታሽ ቢመጣ የሚያገኘው የተሰመረበት መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነው።

«ጠመንጃ ስለያዙ አመጽ ፈላጊ ነበሩ»

በታኅሣሥ 1932 ሪልታውን ላይ የሆነውን ማየት ይበቃል። ምክትል ሸሪፉ የክሊፍ ጄምስን በቅሎዎችና ላሞች በዕዳ ሊወስድ መጣ። ኔድ ኮብ የተባለው ጎረቤት ቆሞ ለመነው፤ አልሆን ሲል ከለከለው። ምክትል ሸሪፉ ሰው ጨምሮ ተመለሰ። ኮብ ኋላ እንደተረከው፣ ወደ ቤቱ ዞር ሲል ከጀርባው ተተኮሰበት፤ እሱም ሽጉጡን መዝዞ መለሰ። በቅሎ የሌለው አራሽ ምን ይዞ ያርሳል? ክሊፍ ጄምስ ቆስሎ ታስኬጊ የሚገኘው የጥቁሮች ሆስፒታል ደረሰ፤ ከዚያው ለሕግ ሰዎች ተላልፎ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ኮብ 12 ዓመት ታስሮ በ1945 ወጣ።

«የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት ታደጋቸው»

በ1933 መንግሥት የጥጥ ማሳ እንዲቀነስ ገንዘብ መክፈል ጀመረ። ቼኩ የሚደርሰው ለባለመሬቱ ነበር፤ ማሳው ሲቀንስ ጭሰኛውም ትርፍ ሆኖ ተነቀለ።

«ጥቁርና ነጭ ድሃ አብሮ ሊቆም አይችልም ነበር»

በአላባማ ማኅበሩ ከሞላ ጎደል የጥቁሮች ነበር። በአርካንሳስ ግን በ1934 ታይሮንዛ ላይ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎች ማኅበርን አብረው መሠረቱ፤ ያስተባበሩት ኮሚኒስቶች ሳይሆኑ ሶሻሊስቶች ናቸው።

«በጥይት ነው የጠፉት»

ጥይቱ እያለም በ1935 አባሎቻቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በኔ ግምት ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ራሱ ፓርቲው ነው፤ ከለዘብተኞች ጋር ግንባር ልፍጠር ብሎ በ1936 ማኅበሩን አፍርሶ አባላቱን ወደ ሌሎች ማኅበራት በተናቸው። እነዚያ ማኅበራት የጥቁር ጭሰኛን የዱቤ መዝገብ የሚያነሱ አልነበሩም።

በ1935 ጥጥ ለቃሚዎች አድማ መትተው ሰው የተገደለባት የአላባማዋ ላውንደስ ወረዳ፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር ሆኖ ሳለ በ1965 መጀመሪያ ላይ አንድም የተመዘገበ ጥቁር መራጭ አልነበራትም። በዓመቱ ነዋሪዎቹ ምልክቱ ጥቁር ግስላ የሆነ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። ባለመሬቶቹም የለመዱትን ዱላ አነሱ፦ ለመምረጥ የተመዘገበውን ጭሰኛ ከመሬቱ አባረሩ። የተባረሩት አውራ ጎዳናው ዳር ድንኳን ተክለው ሰፈሩ፤ ምዝገባውም ቀጠለ።