የወደቀ ቡድን እንዴት ይነሳል? ስለ ድራፍትና ትሬድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ብዙዎቻችን የአሜሪካ ፉትቦልን የለመድነው በልጆቻችን በኩል ነው። እሑድ ከሰዓት ቡናው ይፈላል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የከተማችን የዋሽንግተን ቡድን ኮማንደርስ ይጫወታል፣ ልጅ ያስረዳል፣ አባት ይከራከራል። ይህን ክርክር እወደዋለሁ። ግን ከእግር ኳስ ይዘነው የመጣነው አስተሳሰብ እዚህ ጨዋታ ላይ ብዙ ጊዜ ያሳስተናል። በተለይ «ይህ ቡድን መቼ ነው የሚነሳው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ድራፍት ማለት ያው ዝውውር ነው»

አይደለም። በእግር ኳስ ገንዘብ ያለው ይገዛል። በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ግን ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች 32ቱ ክለቦች በተራ ይመርጣሉ። ሰባት ዙር አለው። ባለፈው የውድድር ዘመን መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ ይመርጣል፣ የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ያሸነፈው 32ኛ ይሆናል። ወራጅ የሚባል ነገር የለም። ትሬድም ቢሆን ሰው በሰው ወይም ሰው በምርጫ ተራ መለወጥ ነው። የዘንድሮው ተራ ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ይለወጣል።

ሐሳቡን በ1935 ያቀረበው የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት በርት ቤል ነበር። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 ተካሄደ። የመጀመሪያው ተመራጭ ጄይ በርዋንገር ይባላል። አንድም የኤንኤፍኤል ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተራው ዕድል እንጂ ዋስትና አልነበረም።

«እንግዲያው ሆን ብሎ መሸነፍ ያዋጣል»

ክሊቭላንድ ብራውንስን ተመልከቱ። በ2016 ከ16 ጨዋታ አንድ አሸነፉ። በ2017 አንድም አላሸነፉም። ሁለቴ ተከታትለው አንደኛ ተራ አገኙ። በመጀመሪያው የወሰዱት ማይልስ ጋሬት በእርግጥም ድንቅ ተከላካይ ወጣው። በሁለተኛው ኳርተርባክ፣ ማለትም ኳስ እየወረወረ ጥቃቱን የሚመራ ተጫዋች፣ ቤከር ሜይፊልድን መረጡ። ልጁ ወደ ጥሎ ማለፉ፣ ወደ ፕሌይኦፍ፣ አስገብቷቸው ነበር፤ በ2022 ግን ሸኙት። በዚያው ዓመት ለሌላ ኳርተርባክ፣ ለዴሻን ዋትሰን፣ ብለው ሦስት የአንደኛ ዙር ተራ ለሒዩስተን ሰጡ። ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠ 230 ሚሊዮን ዶላርም ፈረሙለት። ያ ሁሉ ሽንፈት ያመጣው ሀብት በአንድ ውሳኔ ወጥቶ ሄደ።

ደግሞ ሜዳ ላይ ያለው ልጅ ለምን ብሎ ይሸነፋል? ቡድኑ ቢሸነፍና ጥሩ ተራ ቢያገኝ፣ የሚመረጠው ሰው የእሱን ቦታ ነው የሚወስደው።

«አንድ ኮከብ ኳርተርባክ ከተገኘ አለቀ»

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህች ከተማ በዚህ እምነት ብዙ ከፍላለችና።

በ2012 ዋሽንግተን ከ6ኛ ተራ ወደ 2ኛ ለመውጣት ሦስት የአንደኛ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ተራ ለሴንት ሉዊስ ራምስ ሰጠ። የፈለጉት ሮበርት ግሪፊን ሣልሳዊን ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሕልም ይመስል ነበር። ቡድኑ 10 አሸንፎ 6 ተሸነፈ፣ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ግሪፊን የዓመቱ ምርጥ አዲስ አጥቂ ተባለ። በጥር 2013 ግን በሲያትል ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ያው ልጅ ሆኖ አልተመለሰም።

ችግሩ ጉልበቱ ብቻ አልነበረም። ልጁን ለማምጣት ሲባል በዙሪያው የሚቆሙት ሰዎች የሚመረጡባቸው ተራዎች ተሰጥተዋል። በ2013 ቡድኑ 3 ብቻ አሸንፎ 13 ተሸነፈ። በዚያ ሽንፈት የተገኘው የ2014 ሁለተኛ ተራም የራሳቸው አልነበረም፤ ወደ ራምስ ሄደ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ራምስ የዋሽንግተን ስታዲየም ወዳለበት ላንዶቨር መጡ። ሳንቲም ሲጣል አምበል አድርገው ያወጧቸው ከዚያ ትሬድ ያገኟቸውን ልጆች ነበር። 24 ለ 0 አሸንፈው ተመለሱ። ያንን የሳንቲም ሥነ ሥርዓት ያየ የዋሽንግተን ደጋፊ እስከ ዛሬ ያመዋል።

የታሪኩን ሌላ ግማሽ ግን ሰው አያወራውም። ራምስም ያን ሁሉ ተራ ይዘው ከ2012 እስከ 2016 ድረስ አንድም ዓመት ከሽንፈታቸው የበለጠ ድል አላገኙም። የምርጫ ተራ እህል አይደለም፤ ዘር ነው። የሚዘራው ሰው ካላወቀበት ማሳው ባዶ ይቀራል።

«በትሬድ ሁሌ አንዱ በልቶ አንዱ ተበልቶ ነው የሚያልቀው»

በ2021 ዲትሮይት ላየንስ ኳርተርባካቸውን ማቲው ስታፎርድን ለራምስ ሰጡ። በምትኩ ጃሬድ ጎፍን፣ ሁለት የአንደኛ ዙርና አንድ የሦስተኛ ዙር ተራ ተቀበሉ። ስታፎርድ በመጀመሪያው ዓመቱ ሱፐር ቦውል አነሳ። ያኔ ዲትሮይት ተሞኘ ያላለ አልነበረም። ቡድኑ በ2021 ያሸነፈው 3 ጨዋታ ነበር። በ2022ም ከመጀመሪያዎቹ 7 ጨዋታዎች 6ቱን ተሸነፈ።

ነገር ግን የተጫዋቾችን ምርጫና ትሬድ የሚመራው ጄነራል ማናጀር ብራድ ሆልምስና አሰልጣኙ ዳን ካምቤል አልተደናገጡም። የክለቡ ባለቤትም አላባረረቻቸውም። ከራምስ የመጣውን የ2023 6ኛ ተራ ወደ 12ኛ አወረዱና 34ኛን ጨምረው ተቀበሉ። በ12ኛው ሯጩን ጃሚር ጊብስን፣ በ34ኛው ሳም ላፖርታን ወሰዱ። ወደ ኋላ ሸሽተው ሁለት ጠንካራ ልጆች አገኙ። በዚያው የውድድር ዘመን ከ1991 ወዲህ የመጀመሪያ የሆነውን የፕሌይኦፍ ድል አገኙ። ያሸነፉት ማንን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስታፎርድ የሚመራውን ራምስን። በ2024 ደግሞ 15 አሸንፈው 2 ብቻ ተሸነፉ። ሁለቱም ቡድን የሚፈልገውን አግኝቷል።

«ኮከቡን አሳልፎ የሰጠ ቡድን ተስፋ የቆረጠ ነው»

የዚህ መልስ ከ1989 ጀምሮ አለ። ዳላስ ካውቦይስ በዚያ ዓመት 1 አሸንፈው 15 ተሸነፉ። በመሃል ምርጡን ተጫዋቻቸውን ኸርሸል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጡ። በምላሹ ተጫዋቾችና የምርጫ ተራዎች መጡ። ሁሉም ዓይኑን ተጫዋቾቹ ላይ ጣለ። አሰልጣኙ ጂሚ ጆንሰን ያየው ግን ተራዎቹን ነበር። ከዚያ ሀብት በቀጥታም በተዘዋዋሪም እንደ ኤሚት ስሚዝ ያሉ ተገኙ። ዳላስ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ሱፐር ቦውል አሸነፈ።

ዋሽንግተንም በጥቅምት 2023 መጨረሻ ላይ ሁለቱን የመከላከል መስመር ኮከቦቹን በአንድ ቀን ለቀቀ። ሞንቴዝ ስዌት ለቺካጎ በሁለተኛ ዙር፣ ቼዝ ያንግ ለሳን ፍራንሲስኮ በሦስተኛ ዙር ተለወጡ። ያን ቀን የሰማሁት ቁጣ ብዙ ነው። እኔም ከፍቶኝ ነበር። በጥር አዲሱ ጄነራል ማናጀር አዳም ፒተርስ ሲመጣ ግን እጁ ላይ የሚሠራበት ነገር ነበረው። የስዌትን 40ኛ ተራ ከሌሎች ተራዎች ጋር አድርጎ ለኢግልስ ሰጠ፣ 50ኛንና 53ኛን ተቀበለ። በ50ኛው የሃይቲ ተወላጁን ማይክ ሴንሪስቲልን መረጠ። ይህ ልጅ በጥር 2025 በዲትሮይት ፕሌይኦፍ ሁለት ኳስ ጠለፈ። ዋሽንግተን 45 ለ 31 አሸነፈ።

እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ ኢግልስም በዚያ 40ኛ ተራ አልተጎዱም። ኩፐር ዲጂንን ወሰዱበት። ሱፐር ቦውል ላይ በገዛ ልደቱ ቀን የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ የፓትሪክ ማሆምስን ኳስ ጠልፎ አስቆጠረ።

«ዋጋ ያለው አንደኛ ዙር ብቻ ነው»

ታላቁ ኳርተርባክ ቶም ብሬዲ በ2000 የተመረጠው 199ኛ ነው። ብሮክ ፐርዲ በ2022 የመጨረሻው ተመራጭ ነበር፤ 262ኛ። ቡድኑን ሱፐር ቦውል አደረሰ። ዲትሮይት አሞን ራ ሴንት ብራውንን በአራተኛ ዙር አገኘው። ዋሽንግተን ራሱ ያን ሁሉ ለግሪፊን በከፈለበት በ2012፣ በአራተኛው ዙር ከርክ ከዝንስን ወስዷል። ኋላ ላይ የግሪፊንን ቦታ የተረከበው እሱ ነው።

«ወጣት የሚፈለገው ጉልበት ስላለው ነው»

ጉልበቱ አንድ ነገር ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ሒሳብ ነው። እያንዳንዱ ክለብ የደመወዝ ጣሪያ አለው፤ በ2024 ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከ2011 ጀምሮ የአዲስ ተመራጮች ክፍያ በደንብ ተወስኗል። ልዩነቱ ይታያችሁ። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ 50 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ነበረው። በ2011 አንደኛ የወጣው ካም ኒውተን ጠቅላላ ውሉ ወደ 22 ሚሊዮን ነበር። በ2024 የዳላሱ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት ለአንድ ዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን የሚያስገኝ ውል ፈረመ። በዚያው ዓመት በ2ኛ ተራ ዋሽንግተን የገባው ኳርተርባክ ጄደን ዳንኤልስ ለአራት ዓመት በድምሩ የሚከፈለው ከ38 ሚሊዮን ያነሰ ነው። የተረፈው ገንዘብ እንደ ቦቢ ዋግነር ያሉ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ለማምጣት ቦታ ይሰጣል። የግንባታው መስኮት እነዚህ ርካሽ ዓመታት ናቸው።

«ዋሽንግተን በአንድ ዓመት ተሠርቶ አለቀ»

በ2023 አራት ብቻ አሸንፎ የነበረ ቡድን በ2024 አሥራ ሁለት አሸነፈ። ከቺካጎ ጋር በነበረው ጨዋታ በመጨረሻዋ ሰከንድ የተወረወረችውን ኳስ የማያስታውስ የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቶቼ ጩኸታቸው ግድግዳ አልፎ ነበር የሚሰማው። ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱፐር ቦውል በፊት ያለው የመጨረሻ ጨዋታ፣ የኮንፈረንስ ፍጻሜ፣ ደረሱ። እዚያም ኢግልስ 55 ለ 23 አሸነፏቸው።

ያኔ «አንድ ሰው ብቻ ነው የጎደለን» የሚል ስሜት መጣ። ስለዚህ በመጋቢት 2025 ዳንኤልስን እንዲጠብቅ ላሬሚ ተንስልን ከሒዩስተን አመጡ። ከሰጡት ውስጥ የ2026 የሁለተኛ ዙር ተራ አለበት። ሐሳቡን አልኮንነውም፤ ኳርተርባክህን መጠበቅ ግድ ነው። ግን በ2025 ዳንኤልስ ጉልበቱን፣ ከዚያም ክርኑን ተጎዳ። ብዙ ጨዋታ አመለጠው። ሽንፈቱ ከድሉ በዛ። የ2026 የአንደኛ ዙር ተራቸው ወደ ላይ ወጣ፤ እሱ የራሳቸው ነው። አብሮት ወደ ላይ የወጣው የሁለተኛ ዙር ተራ ግን የሒዩስተን ነው።