የኢሊኖይ 13ኛው የሴኔት ምርጫ ክልል

አሜሪካ ያለው የኢሊኖይ ስቴት ሴኔት 59 መቀመጫ አለው። የሚሰበሰበው ስፕሪንግፊልድ ነው፤ ዋሽንግተን ካለው የአገሪቱ ሴኔት ጋር እንዳይምታታ። ከ59ኙ አንዱ 13ኛው ክልል ነው። በቺካጎ ሳውዝ ሳይድ፣ ሃይድ ፓርክን ይዞ በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ይዘልቃል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርም፣ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ጡረተኛም ለአንድ ወንበር ድምፅ የሚሰጡበት ሰፈር ነው። ሪፐብሊካኖች እዚህ ቢወዳደሩም ለወጉ ያህል ነው። ቁርጡ የሚታወቀው በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን በሚለይበት ቅድመ ምርጫ) ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከዚያም በፊት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪቻርድ ኒውሃውስ አካባቢውን ከ1967 እስከ 1991 ወክለዋል። የክልሉ ድንበር ሲቀያየር እሳቸው አልተቀየሩም። በ1975 ኃያሉን ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊን በፕራይመሪ ተጋፍጠው ተሸነፉ። ያኔ ዴሊን ለመጋፈጥ ወኔ ይጠይቅ ነበር። እሳቸው በ1991 ሲለቁ አሊስ ፓልመር ተሹመው ተተኩ።

ዋናው ታሪክ በ1995 ይጀምራል። በዋሽንግተን የተወካዮች ምክር ቤት አባል የነበሩት ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተከሰው መቀመጫቸው ተናጋ። ፓልመር ያንን ወንበር ተመኙ። የእሳቸውን የስቴት ሴኔት ወንበር ለመውሰድ ደግሞ አንድ የ34 ዓመት ጠበቃ ተነሱ፦ ባራክ ኦባማ፣ አባታቸው የጎረቤታችን የኬንያ ሰው። ሴፕቴምበር 19 ቀን ሃይድ ፓርክ ባለ ሆቴል እጩነታቸውን ሲያሳውቁ ለተሰብሳቢው ያስተዋወቋቸው ፓልመር ራሳቸው ነበሩ። በኖቬምበር መጨረሻ ግን ለዋሽንግተኑ ወንበር በተደረገው ፕራይመሪ ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር አሸነፉ፤ ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። ያን ጊዜ ወደ ድሮ ወንበራቸው መመለስ ፈለጉ። ኦባማ አልለቅም አሉ። የኦባማ ወገን «ተመልሰው እንደማይወዳደሩ ነግረውን ነበር» ይላል። የፓልመር ወዳጆች ደግሞ መንገዱን የከፈቱለት እሳቸው ናቸውና ሊለቅላቸው ይገባ ነበር ባዮች ናቸው።

ነገሩን የፈታው ወረቀት ነው። ለእጩነት የ757 የተመዘገቡ መራጮች ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ኦባማ በመጀመሪያው ቀን ወደ 3,000 ይዘው ቀረቡ። ፓልመር በመጨረሻው ቀን 1,580 አስገቡ። ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ይበቃል ያሰኛል። የኦባማ ሰዎች ግን ወረቀቱን ከመራጮች መዝገብ ጋር መስመር በመስመር አመሳከሩት። አድራሻው ከክልሉ ውጭ የሆነ ተሰረዘ። መፈረም ሲገባው ስሙን በእስክሪፕቶ ነጣጥሎ የጻፈ ተሰረዘ። ከመዝገቡ የወጣም እንዲሁ። ለፓልመር 561 ቀረላቸው፤ 196 ጎደላቸው ማለት ነው። ሌሎቹ ሦስት ተፎካካሪዎችም በዚሁ ወንፊት አላለፉም። ፓልመር በጃንዋሪ 1996 ራሳቸውን አገለሉ፤ ኦባማ ፕራይመሪውን ብቻቸውን ሮጠው አንደኛ ወጡ። «ጭካኔ ነው» ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ደንቡን አንብቦ የመጣን ሰው ምን አጠፋህ አልለውም።

በኖቬምበሩ ምርጫ ከ100 ድምፅ 82 ያህሉን አገኙ። በሴኔቱ የመጀመሪያ ስድስት ዓመታት ሪፐብሊካኖች ብዙኃን ስለነበሩ ብዙ መላወሻ አልነበራቸውም። በ2000 ለዋሽንግተን ምክር ቤት የወንበሩን ባለቤት ቦቢ ረሽን በፕራይመሪ ሲገጥሙ 61 ለ30 በመቶ ተረቱ፤ ሰፈሩ ገና እንዳልተቀበላቸው የተነገራቸው ያኔ ነው።

ቀጥሎ የክልሎቹን ድንበር የሚወስነው ካርታ መጣ። በኢሊኖይ የምርጫ ክልል ካርታ ላይ ፓርቲዎቹ እኩል ተከፍለው ካልተስማሙ ዕጣ ይወጣል። በ2001 ዕጣው የወጣው ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከሊንከን ዓይነት ረጅም ባርኔጣ ውስጥ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ዕጣው ለዴሞክራቶች ደረሰ፤ ካርታውም በእነሱ እጅ ገባ። አዲሱ 13ኛ ክልል በስተ ምዕራብ ያሉትን ድሃ ሰፈሮች እየለቀቀ በሐይቁ ዳር ወደ ሰሜን፣ ሀብታሞቹ ወዳሉበት ጎልድ ኮስት ተዘረጋ። ለኦባማ ቀጣይ ጉዞ የገንዘብም የድምፅም በር ከፍቷል ማለት ይቻላል። በ2002 ዴሞክራቶች ሴኔቱን ያዙ፤ ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የኦባማ ሕጎችም ይጸድቁ ጀመር። ከሁሉ የሚጠቀሰው በግድያ ወንጀል የተጠረጠረ ሰው በፖሊስ ሲመረመር እንዲቀረጽ ያዘዘው የ2003 ሕግ ነው።

ኦባማ በኖቬምበር 2004 ወደ ዋሽንግተን ሴኔት ሲመረጡ ወላጆቻቸው ከሄይቲ የመጡት ክዋሜ ራውል ተተኩ። ራውል በ2011 የሞት ቅጣትን ባስቀረው ሕግ ስማቸው ይነሳል፤ በ2018 የስቴቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነው ተመረጡ። በጃንዋሪ 2019 ሮበርት ፒተርስ ቦታውን ያዙ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፓልመር፣ ራውልና ፒተርስ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት በሹመት ነው። መቀመጫ መሀል ላይ ሲለቀቅ ተተኪውን የሚመርጡት በክልሉ ያሉ የፓርቲው የዎርድ (የከተማ ቀበሌ) ተጠሪዎች ናቸው፤ መራጩ ካርድ የሚጥለው ቆይቶ ነው። ከ1991 ወዲህ ከገቡት ከእነዚህ አራት ሰዎች በምርጫ የገቡት ኦባማ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም በፕራይመሪው ተፎካካሪ አልነበራቸውም።

ፒተርስ የገፉት፣ የዋስ ገንዘብን የሚያስቀረው ሕግ እስከ ስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 5 ለ2 ጸና። ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2023 ጀምሮ በኢሊኖይ ፍርዱን የሚጠብቅ ተከሳሽ የዋስ ገንዘብ ስላጣ ብቻ እስር ቤት አያድርም።