በትራክተር ለሚዞር ጄኔሬተር ቼንጅ ኦቨር (ከመብራት መስመሩና ከጄኔሬተሩ አንዱን ብቻ የሚያገናኝ ማቀያየሪያ) ለምን ግድ ይሆናል?

ጎጃም ውስጥ መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ለማስነሳት በትራክተር ፒቲኦ (የሞተሩን ኃይል ወደ ሌላ ማሽን በሚያስተላልፈው ዘንግ) የሚዞር ጄኔሬተር የምትጠቀሙ ብዙዎች፣ «ብሬከሩን ካወረድኩ አይበቃም ወይ?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ። አይበቃም። ብሬከሩን አንድ ሰው ሳያውቅ ቢመልሰው፣ የጄኔሬተሩ 380 ቮልት በመስመሩ ወደ ኋላ ይሄድና በ15,000 ቮልት መስመር ላይ ያለው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደዚያው መጠን ሊያሳድገው ይችላል፤ ለምሳሌ ቡሬ አካባቢ መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ በዚያው ቅጽበት ሊሞት ይችላል፤ ይህን ነው አጥብቄ የምፈራው። በትክክል የተገጠመ ቼንጅ ኦቨር ግን እጀታው ከ1 (ከአንዱ ምንጭ) ወደ 2 (ወደ ሌላው) የሚያልፈው በ0 (ሁለቱም በተቋረጡበት) በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ምንጮች በአንድ ጊዜ አያገናኝም፤ ይህ ለማንኛውም ጄኔሬተር አይለወጥም። የሚለያየው የፒቲኦው ፍጥነት ነው፤ አንዳንዱ በደቂቃ 540፣ ሌላው 1,000 ዙር ስለሚፈልግ፣ ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ አታስነሱ።